ግድግዳውን የቀቡት የአቶ ኤልመር ዊትኮም የሕይወት ታሪክ

አቶ ኤልመር ዊትኮም ከአባታቸው ከአቶ ሆራስ ዊትኮም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አይዳ ክላውሰን እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1946 በፍሎሪዳ፣ በግሮቭላንድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በብርቱካን እርሻ ትራክተር ይነዱ ነበር፤ እናታቸው ደግሞ በማሸጊያ ቤቱ ብርቱካን እየመረጡ አምስት ልጆች አሳድገዋል። አቶ ኤልመር ሦስተኛው ነበሩ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ፣ "ይህ ልጅ ከጡት ቀድሞ የያዘው ከሰል ነው፤ ያላበላሸብኝ ግድግዳ የለም" እያሉ ያስቁን ነበር።

ታሪኩን የጻፈችው የመጀመሪያ ልጃቸው ሎሬና ናት። እንዲህ ባለ ቀን የሟች መልካም ሥራ ብቻ እንደሚነበብ ታውቃለች። ይሁን እንጂ አቶ ኤልመር በመጨረሻ ሕመማቸው ጊዜ አንድ ነገር በዚህ ወረቀት ላይ እንዲሰፍርና በጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አዝዘዋል። ወንድሟ ዳሪል፣ "አንቺ፣ ሰው በቀብሩ ቀን እንዲህ ይነበብበታል እንዴ? ለጠላት እንኳ አይደረግም!" ብሎ ሁለት ቀን ተሟግቷታል። እሷም "ያስማሉት እኔን ነው፤ አንተን ቢያስምሉህ ኖሮ የፈለግከውን ባደረግህ" ብላ ጽፋዋለች። የምትጽፈው አንገቷን ደፍታ መሆኑን ግን አንባቢ ይወቅላት።

አቶ ኤልመር ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በግሮቭላንድ አንደኛ ደረጃ፣ ቀጥሎም በክለርሞንት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1964 አጠናቀዋል። በቀለም እጅግም አልነበሩም። ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ በውጤት ወረቀታቸው ላይ የአባታቸውን ፊርማ አስመስለው ፈርመው ተይዘዋል። አባታቸው ቀበቶ ፈተው ካበቁ በኋላ ሁለቱን ፊርማ ጎን ለጎን ቢያዩ የራሳቸውን መለየት አቃታቸው፤ ሳቃቸው መጣና ቀበቶውን መልሰው ታጠቁ። በዓመቱ አቶ ኤልመር በአውራ ጎዳናው ዳር ላሉ የፍራፍሬ ሻጮች ማስታወቂያ መጻፍ ጀመሩ። በዚያ መንገድ ለሠላሳ ማይል ያህል "ብርቱካን ከፊት ለፊትዎ ነው" የሚለው ጽሑፍ ሁሉ የእሳቸው እጅ ነበር።

ከ1966 እስከ 1968 በውትድርና ጀርመን አገር አገልግለዋል። ግዳጃቸውም የጭነት መኪና በር ላይ ቁጥር መጻፍ ነበር። ሲመለሱ ኦርላንዶ በሚገኝ የማስታወቂያ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፤ በ1971 ከወይዘሮ ግሌኒስ ባርፊልድ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ሎሬናንና ዳሪልን ወለዱ።

በ1983 እና በ1985 የወረደው ውርጭ የአካባቢውን ብርቱካን አድርቆ ጨረሰው፤ ባለመሬቶቹም ሸጠው ሄዱ። በዚያው መሬት ላይ በ1988 ሳንድሂል ስቱዲዮ ተከፈተ። ግማሹ ፊልም መሥሪያ፣ ግማሹ መዝናኛ ፓርክ ሆኖ፣ ጎብኚ ትኬት ቆርጦ ፊልም ሲሠራ በዓይኑ የሚያይበት ቦታ ነበር። በዋናው በር ላይ "እዚህ የምታዩት ሁሉ እውነተኛ ሥራ ነው" የሚለውን የጻፉት አቶ ኤልመር ናቸው። በአርባ ሁለት ዓመታቸው የቀረጻ ግድግዳዎች ቀቢ ሆነው ሲቀጠሩ፣ ወይዘሮ ግሌኒስ "ሰውየው እንደ አዲስ ሙሽራ ጠዋት ጠዋት ፀጉሩን ያበጥር ጀመር" ይሉ ነበር። ሥራቸውን ያየ ይመሰክራል። ኮምፔንሳቶውን ግንብ፣ ጄሶውን እብነ በረድ፣ የትናንቱን በር የመቶ ዓመት በር ያደርጉታል። አንድ የእሳት አደጋ መርማሪ በሥዕል የተሠራ የብረት በር ለመክፈት እጀታውን ሲዳብስ መቆየቱን እዚህ ያላችሁ የድሮ ባልደረቦቻቸው ታስታውሳላችሁ።

ሠራተኛው አንድ ልማድ ነበረው። አንድ ቀረጻ ባለቀ ቀን፣ ከዳይሬክተሩ እስከ ወጥ ቤቷ ድረስ በሦስተኛው የቀረጻ አዳራሽ የኋላ ግድግዳ ላይ በእጁ በገባው ነገር ይፈርማል። ስሙን የሚጽፍ አለ፣ ቀልድ የሚጽፍ አለ፣ አለቃውን የሚሳደብ አለ፤ አንዷ የባቄላ ሾርባ አሠራር ጽፋበታለች። ፊልሞቹ ትልልቅ አልነበሩም። ሦስት ርካሽ ኮሜዲ፣ አንድ አዞ ያለበት አስፈሪ ፊልም፣ የሕፃናት ፕሮግራም፣ የቀረው የሳሙና ማስታወቂያ ነው። ቢሆንም እዚያ የተሠሩ ነበሩ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ስም ሁሉም የሠራተኛ ስም ነበር።

በዚያ ዘመን ያፈሯቸው የልብ ወዳጅ አቶ ራሞን ኪንታና ይባላሉ፤ የታምፓ ልጅ፣ የመብራት ሠራተኛ ነበሩ። ራሞን ብዕር መያዝ ሞታቸው ነው። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ኦዳሊስ በየልደታቸው የሚሰጡትን ካርድ እንኳ የሚጽፉላቸው አቶ ኤልመር ነበሩ። ኦዳሊስም ያውቃሉ፤ "ኤልመር፣ ዘንድሮ ደግሞ ምን ያህል ነው የምትወደኝ?" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ራሞን ለሚስታቸው በገዛ እጃቸው የጻፉት በሕይወታቸው አንድ መስመር ብቻ ነው። እሱም በ1992 የአዞው ፊልም ያለቀ ቀን በዚያ ግድግዳ ላይ የጻፉት፣ "ኦዳሊስ፣ ዛሬ ለእራት እደርሳለሁ። ራሞን" የሚለው ነው። በዚያን ቀንም አልደረሱም አሉ።

ከ1993 ጀምሮ ፊልም ሠሪዎቹ ርካሽ ወደሆነበት አገር ሄዱ። ጎብኚው ግን መምጣቱን አላቋረጠም። ከላይ ባለው የመስታወት መተላለፊያ እየተራመደ ቁልቁል ሲያይ ባዶ አዳራሽ እንዳያይ ሲባል ሠራተኛው "ሥራ ላይ" እንዲመስል ታዘዘ። አቶ ኤልመር ጠዋት አንድ ግንብ ይቀባሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ነጭ ደፍተውበት ከሰዓት ያንኑ ግንብ ይቀባሉ። የምን ፊልም ነው ብሎ የጠየቀ ሰው "በሚቀጥለው በጋ ይወጣል" ይባላል። ራሞን ከመሰላል ላይ ሆነው፣ "ኤልመር፣ በዚህ አያያዝህ ከተማውን ሠርተህ ትጨርሳለህ፤ በር ብቻ እንዳትረሳ!" ይሏቸው ነበር።

አቶ ራሞን በኤፕሪል 1996 እዚያው አዳራሽ ውስጥ መብራት ሲሰቅሉ ልባቸው ቆሞ ዐረፉ። በ2001 ክረምት ሦስተኛው አዳራሽ ፈርሶ ሰው የሚጮህበት የፍጥነት ባቡር ሊገባበት ነው ተባለ። ወይዘሮ ኦዳሊስ ይህን ሰምተው ወደ ቤታችን መጡ።

"ኤልመር፣ ቸግሮኝ አላውቅም፤ ለምኜህም አላውቅም" አሉ። "ያቺን መስመር አውጣልኝ። ግድግዳው አይነቀልም ካሉህም ፎቶ አንሥተህ አምጣልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"ባላመጣልሽ የራሞን አጥንት ይፋረደኝ" አሉ አቶ ኤልመር። ሎሬና ሳህን ስታጥብ በጆሮዋ ሰምታለች።

በፌብሩዋሪ 2002 ትእዛዙ መጣ። አዳራሹ ሲታደስ የኋላው ግድግዳ አይፈርስም፤ ባቡሩን የሚጠብቀው ሰው የሚሰለፈው በእሱ ጥግ ስለሆነ "የስቱዲዮው ታሪክ" ሆኖ ይቆያል ተባለ። ነገር ግን ጠበቆቹ፣ እውነተኛ ሰዎች የፈረሙት ከሆነ እያንዳንዳቸው መፍቀድ አለባቸው አሉ። ስድቡም፣ ስልክ ቁጥሩም፣ ሾርባውም አልጣማቸውም። ስለዚህ ግድግዳው ግራጫ ተቀብቶ በምትኩ ስልሳ የፈጠራ ሰዎች ፊርማ እንዲጻፍበት ተወሰነ። የሌለ ሰው ፈቃድ አይጠየቅምና። ሥራውም ለአቶ ኤልመር ተሰጠ፤ ጊዜው ከዓርብ እስከ እሑድ ነበር።

ግድግዳው የብሎኬት ስለሆነ ቆርጦ ማውጣት አይቻልም ነበር። ካሜራው ግን መኪናቸው ውስጥ ነበር። ወይዘሮ ግሌኒስ ናቸው በጠዋት ፊልም ከትተው የሰጧቸው። አቶ ኤልመር ዓርብ ጠዋት ከግራ ጥግ ጀምረው ግራጫውን መቀባት ያዙ፤ ካሜራውን በምሳ ሰዓት አመጣዋለሁ ብለው ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግድግዳው በሙሉ ግራጫ ሆኗል።

ለወይዘሮ ኦዳሊስ ግድግዳው ተነቅሎ ካሊፎርኒያ ወደሚገኝ መጋዘን መሄዱን ነገሯቸው። በጥንቃቄ ተቀምጧል፣ ደብዳቤም ጽፌላቸዋለሁ አሉ። ኦዳሊስም አመኑ። የማያምኑበት ምክንያት አልነበራቸውም። በየዓመቱ የገና ዋዜማ ዘይቱን የተሞላ ብስኩት ጋግረው ይመጣሉ፤ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ እያኖሩ "ከመጋዘኑ ምን አሉህ?" ይላሉ። "ወረፋ ነው" ይላሉ አቶ ኤልመር። "ፈረንካ ካስፈለገ እከፍላለሁ በላቸው።" "አይ፣ ወረፋ ብቻ ነው።" ይህ ለአሥራ አንድ ዓመት ተደጋገመ። እኛም ልጆቹ ብስኩቱን እየበላን "አይ ካሊፎርኒያ!" እያልን የማናውቀውን መጋዘን እናማ ነበር።

አቶ ኤልመር በ2004 ጡረታ ወጡ። በ2008 ባለቤታቸው ወይዘሮ ግሌኒስ በካንሰር ታመው አምስት ወር ሲተኙ፣ ያጠቧቸው፣ ያጎረሷቸውና ሲሞቱም ዓይናቸውን የከደኑላቸው ወይዘሮ ኦዳሊስ ናቸው። አቶ ኤልመር በዚያን ጊዜ እንኳ እውነቱን ሊነግሯቸው አልቻሉም። "ይልቁንም ያኔ ነው ጭራሽ የማይነገር የሆነብኝ" ብለዋል ለልጃቸው።

በ2013 "የድሮው ሳንድሂል ወዳጆች" የተባለ ማኅበር በኪሲሚ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። ርእሱ "ፓርካችን የፊልም ማንነቱን አጥቷል ወይ?" የሚል ነበር። አቶ ኤልመርም የድሮ ሠራተኛ ተብለው በክብር ተጠሩ። ወይዘሮ ኦዳሊስ አብረዋቸው ሄደው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። አዳራሹ በቁጭት ተሞልቶ ነበር። አንዷ እናት ተነሥታ፣ "ዱሮ ልጄን ይዤ ስመጣ በመስታወቱ ውስጥ አንድ ሰውዬ ግንብ ሲቀባ ያይ ነበር። እሱን አይቶ ነው ዛሬ ሠዓሊ የሆነው። አሁን ምን ቀረ? ጩኸት ብቻ!" አለች፤ ሰውም አጨበጨበላት። አቶ ኤልመር መሬት መሬት አዩ።

ሰብሳቢው ታነር ሎፍግረን የተባለ ወጣት ነበር። የግድግዳውን ፎቶ በትልቁ አብርቶ ተናገረ። "ሁሉን ወስደውብናል" አለ። "ቀረጻውን ወስደዋል፣ መስታወቱን ወስደዋል። ያልዋሸን አንድ ግድግዳ ብቻ ነው የቀረው። እነዚህ እዚህ የለፉ ሰዎች እጆች ናቸው። ጋሽ ኤልመር፣ እስኪ ያሳዩን፤ የእርስዎ ፊርማ የቷ ናት?"

በዚህ ጊዜ እውነቱን መናገር ይችሉ ነበር። ማይክሮፎኑ በእጃቸው፣ ጥያቄው በፊታቸው፣ ኦዳሊስም ሦስተኛ ረድፍ ላይ ነበሩ። አቶ ኤልመር ግን ጣታቸውን አንሥተው ከራሳቸው የፈጠራ ፊርማዎች አንዷን "ያቻትና" አሉ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። ስለዚህች ቅጽበት ለልጃቸው ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የተናገሩት።

ሲወጡ ኦዳሊስ ክንዳቸውን ይዘው፣ "ይሄ ግድግዳ ካሊፎርኒያ አይደለም እንዴ ያለው?" አሉ።

"ግማሹ ነው የሄደው።"

"ራሞን የትኛው ግማሽ ላይ ነው ታዲያ?"

"እዚህኛው ላይ ሳይሆን አይቀርም። ፎቶው ቆርጦት ነው።"

በአራተኛው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። ወይዘሮ ኦዳሊስ ናቸው፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ወሩ ጁላይ ነው። ለብቻቸው ትኬት ቆርጠው ፓርኩ ገብተዋል። "ኤልመር፣ ከበሩ ጀምሬ ሁሉንም አነበብኩት" አሉ። "ሰው ይገፋኛል፣ ደጋግሜ ነው የተሰለፍኩት። ራሞንን አጣሁት። መነጽሬ ይሆን?"

አቶ ኤልመር መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። አሥራ ስድስት ዓመት በሠራተኛ በር የገቡበትን ግቢ በጎብኚ በር ገቡ። ኦዳሊስን ግድግዳው ሥር ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው አገኟቸው።

"እኔ ነኝ፣ ኦዳሊስ። ቀባሁት" አሉ።

"ምኑን?"

"ሁሉንም። እነዚህንም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። አንዳቸውም ሰው አይደሉም።"

ከኋላ የቆሙ ወጣቶች "እማማ፣ ሰልፉ እየሄደ ነው፣ ይለፉ እንጂ!" እያሉ ይጮሁ ነበር። ኦዳሊስ "እሱ የቱ ጋ ነበር?" ብለው ጠየቁ። አቶ ኤልመር እጃቸውን ዘርግተው አንድ ቦታ አሳዩ። ከዚያ ትንሽ ወዲህ ሳይሆን አይቀርም አሉና እጃቸውን አዛወሩ። ደግሞም ወደ ላይ ከፍ አደረጉት። ሦስት ቦታ ካሳዩ በኋላ እንደማያስታውሱት ገባቸው። ወይዘሮ ኦዳሊስ ግድግዳውን ሳይሆን የሚንከራተተውን እጃቸውን አይተው፣ በሰልፉ መካከል ወጥተው ሄዱ።

ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ቤታችን መጥተው አያውቁም፤ ስልክም አላነሡም። በዚያ ዓመት ለገና ሎሬና "እትዬ ኦዳሊስ ምነው ቀረች?" ብትል፣ አቶ ኤልመር "አሟታል" ብለው ወሬ አስቀየሩ። በ2016 ባቡሩም አዳራሹም ግድግዳውም ፈርሶ ሌላ ነገር ተተካበት። የማኅበሩ ወዳጆች አንድ ስባሪ ብሎኬት በብርጭቆ ሣጥን አድርገው ለአቶ ኤልመር በክብር ላኩላቸው። እሳቸውም እውነቱን በዝርዝር ጽፈው ለታነር መለሱለት። የታነር መልስ አንድ መስመር ነበር፤ "ጋሽ ኤልመር፣ እባክዎ ይህን ለሌላ ሰው አይንገሩብን።"

አቶ ኤልመር በኦገስት 2022 የሳንባ ሕመም አድሮባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ይህን ሁሉ ለልጃቸው የነገሯት በኦክቶበር ወር ውስጥ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ድረስ ጥቂት ጥቂት እያሉ ነው። ሎሬናም አባቷን ልታጽናና፣ "አባዬ፣ ምን ታደርግ? አዝዘውህ ነው፤ ጡረታህ ሁለት ዓመት ነበር የቀረው፣ ፈርተህ ነው" አለቻቸው።

"አልፈራሁም" አሉ። "ሁሉም እንደዚያ ይለኛል። ለኦዳሊስም ያልነገርኳት ይህንን ነው። ስንት ዓመት የቆሻሻ ቅርጫት ስቀባ ከርሜ፣ ስልሳ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ከጭንቅላትህ ፍጠር ሲሉኝ ደስ አለኝ። የግራኝ ሰው ጻፍኩ፣ የሰካራም ጻፍኩ፣ የቸኮለች ሴት ጻፍኩ። ሦስት ቀን ሙሉ እየዘፈንኩ ነው የሠራሁት። ካሜራውን ረሳሁት ብዬ እንዳልዋሽ፣ ራሞን ጋ ሳልደርስ ትዝ ብሎኛል። ሥራው እንዳይበርድብኝ ብዬ ነው ያላነሣሁት። የራሞንን መስመር የደረብኩባት እየዘፈንኩ ነው። ሰዎቹ ስቱዲዮውን ማን ወሰደብን ይላሉ። እኔ እኮ በእንደዚያ ያለ ደስታ ሠርቼ አላውቅም።"

ልጃቸውም ቃላቸውን እንደነገሯት በወረቀት አሰፈረችው።

አቶ ኤልመር ዊትኮም ኖቬምበር 14 ቀን 2022 ከቀኑ ስምንት ሰዓት በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው በክለርሞንት በልጃቸው ቤት ዐርፈዋል። ከእሳቸው በኋላ ልጃቸው ሎሬና ከባለቤቷ ጋር፣ ልጃቸው ዳሪል፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና እኅታቸው ወይዘሮ ቨርና ይገኛሉ። አቶ ኤልመር ለቤተሰባቸው ትጉህ፣ ለጎረቤት ደራሽ፣ ለልጅ ልጆቻቸው በየልደታቸው ክፍላቸውን ባሕር ወይም ጫካ አድርገው የሚቀቡ አያት ነበሩ። ይህም እውነት ነው፤ ያኛው ይህንን እንዳያጠፋው እንለምናለን።

ለወይዘሮ ኦዳሊስ ኪንታና የቀብሩን ቀንና ሰዓት ነግረናቸዋል። እመጣለሁም አልመጣምም አላሉም። ከመጡ ቦታቸው ከቤተሰቡ ጋር ነው። አባታችን በስማቸው ይቅርታ እንድንጠይቅላቸው አላዘዙንም፤ "ይቅርታ ከጠየቃችኋት መልስ መስጠት ግዴታ ይሆንባታል። እንዴት እንዳደረግሁት ብቻ አንብቡላት፤ ደስ ብሎኝ እንደነበረም አትዝለሉ" ነው ያሉት። ወይዘሮ ኦዳሊስ፣ አልዘለልንም።

አምላክ የአባታችንን ነፍስ እንደ ሥራቸው ሳይሆን እንደ ምሕረቱ ይቀበላት።